«ታዲያ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው ስብከት ማዘጋጀት

መስበክ በጀመርኩባቸው ዓመታት ሰው እጄን ጨብጦ «ተባረክን» ካለኝ ሥራዬን የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሁድ ግን አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። «ልጄ፣ ቃሉ ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት ከልጄ ጋር ስነሳ ግን ምን ላድርግ?» አሉኝ። ልጃቸው ሱስ ይዞት ቤቱ ሰላም ካጣ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ስለ እምነት 40 ደቂቃ ተናግሬ መውረዴ ነው። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ለእሳቸው ሰኞ ጠዋት የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስብከት ሳዘጋጅ ሁለት ጥያቄ ከፊቴ አላነሳም። ይህ ቃል የደከመውን ሰው በምን ያጸናዋል? ከዚያስ ወዴት ይመራዋል? ማጽናናት ብቻ ከሆነ ሰውዬው ታክሲ እስኪይዝ ድረስ ነው የሚቆየው። ምክር ብቻ ከሆነ ደግሞ ተሸክሞት በመጣው ላይ ሌላ ጭነን እንልከዋለን። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥3 በጉባኤ ስለሚነገር ትንቢት ሲጽፍ ማነጽን፣ መምከርንና ማጽናናትን አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። ለስብከትም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ሥራውን በደረቁ ከምነግራችሁ አንድ ክፍል ይዘን አብረን እንሂድ። 1ኛ ነገሥት 19ን መርጫለሁ፤ ነቢዩ ኤልያስ ልትገድለው ከዛተችው ከንግሥት ኤልዛቤል ሸሽቶ ሞት የለመነበት ምዕራፍ ነው። የእሁድ ስብከት እንዳለባችሁ አስቡና ከሰኞ እንጀምር።

ሰኞ፦ መጀመሪያ ሰዎቹን አስቡ

መጽሐፍ ቅዱሱን ከመክፈታችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ያዙ። እሁድ ፊታችሁ ከሚቀመጡት አምስት ሰዎችን አስቡና ስለ እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ጻፉ። ስም አትጻፉ፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ሰው ያነበዋል። «የቤት ኪራይ የጨመሩባት»፣ «ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠው»፣ «ባሏን በቅርቡ የቀበረችው»፣ «ሁሉ የሞላለት የሚመስለው፣ ግን እንቅልፍ ያጣው»። አምስተኛው ከአገልጋዮቹ አንዱ ይሁን። መዘምራኑ፣ አስተናጋጆቹ፣ ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለው ልጅም ይደክማቸዋል። ሁልጊዜ ሲያገለግሉ ስለምናያቸው ግን ቃሉ ለእነሱም መሆኑን እንረሳለን።

ይህን ሥራ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ገልፍ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ለሳምንታዊው ጉባኤ የምትወጣው አሠሪዎቿ ከፈቀዱላት ነው፤ የምትቆየውም ጥቂት ሰዓት ነው። እሷን «በየማለዳው አንድ ሰዓት ክፍልሽን ዘግተሽ ጸልዪ» ብላችሁ ብትመክሯት ምክሩ ለእሷ አይሆንም። ክፍልም የላትም፣ ያ ሰዓትም የእሷ አይደለም። የምትሄደው ጥፋተኛ ነኝ እያለች ነው። «ዕቃ ስታጥቢ ይህን አንድ ቁጥር በልብሽ ደጋግመሽ በዪው» ብትሏት ግን በነጋታው ታደርገዋለች። ምክሩ የተለየው የሰጪው እውቀት ስለበለጠ ሳይሆን ቀኗ እንዴት እንደሚውል ስላሰበ ነው።

ወረቀቱን ይዛችሁ ጸልዩ። ስለ ስብከቱ ማማር አትጀምሩ፤ ስለ አምስቱ ሰዎች ጀምሩ። የሚገርመው፣ ለሰው ስትጸልዩ ቆይታችሁ የምትጽፉት ነገር ድምፁ ይለወጣል። ቁጣው ይቀንሳል።

አንድ ክፍል ምረጡ፣ እሱው ይበቃል

ብዙዎቻችን የለመድነው ርዕስ ይዘን ከየቦታው አሥራ ሁለት ጥቅስ መልቀም ነው። ሰሚው ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል፤ ማታ «ምን ተሰበከ?» ቢባል አንዱንም አያስታውስም። አንድ ክፍል ያዙ፤ ታሪክ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግሉ ከሆነ ግጻዌው፣ ማለትም የየዕለቱ ንባብ የተደለደለበት መጽሐፍ፣ የዕለቱን ምንባብና ምስባክ (በዜማ የሚባለውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) ስለሚሰጣችሁ የዚህ ጥያቄ ግማሹ ተመልሶላችኋል። ሌሎቻችን ግን ራሳችን እንመርጣለን፤ ስንመርጥ ደግሞ ደስ የሚለንን መስመር ቆርጠን የማውጣት ፈተና አለ።

ኤርምያስ 29፥11ን አስቡት። ፍጻሜና ተስፋ ስለመስጠት የሚናገረው ቁጥር ነው፤ በየምርቃቱ ይጠቀሳል። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን በባቢሎን 70 ዓመት እንደሚቆዩ ይናገራል። ቁጥር 5 ደግሞ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ይላቸዋል። ለምርኮኞች የተላከ ደብዳቤ ነው። ሙሉውን ብትሰብኩት ተስፋው አይቀንስም፤ እንዲያውም ቶሎ መልስ ላላገኘ ሰው የሚሆን ተስፋ የሚወጣው ከዚያ ነው። እስከዚያው ምን እንደሚያደርግም እዚያው ተጽፎለታል። ቁጥር 11ን ብቻ ቆርጦ ያወጣ ሰባኪ ማጽናኛውን ይዞ ምክሩን ጥሎ ሄዷል።

እኛ ከ1ኛ ነገሥት 19 ቁጥር 1 እስከ 18 እንይዛለን። ቁጥር 4 ላይ ካቆማችሁ ተስፋ የቆረጠ ሰው ታሪክ ነው። ቁጥር 12 ላይ ብታቆሙ የሚያምር ራእይ ነው። እስከ 18 ስትሄዱ ግን ሰውዬው ወደ መንገዱ ሲመለስ ታያላችሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ፦ ማንበብ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የስብከቱ ጥሩ ጥሩ ነገር ሁሉ የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። የሌላ ሰው ስብከት አትስሙ። ዩቲዩብ አትክፈቱ። እሱ ለኋላ ይቆይ። መጀመሪያ ክፍሉን ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ምዕራፍ 17ንና 18ን ጨምራችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ 19ን። እኔ ከአሥር ጊዜ በታች ያነበብኩትን ክፍል መስበክ ትቻለሁ። አምስተኛው ላይ የማውቀው መሰለኝ ብዬ ስተወው ሰባተኛው ላይ የሚታየው ነገር ያመልጠኛል።

ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጡ። የ1954ቱና አዲሱ መደበኛ ትርጉም በየስልኩ አሉ። ቃል የተለያየበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። የአባቶቻችን የአንድምታ ትርጓሜ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ አንዱን ንባብ ከብዙ ጎን የሚያየው ለጨዋታ አይደለም። ቃሉ ላይ ቆሞ የመቆየት ትዕግሥት ነው። የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ብንሆን ይህን ትዕግሥት ልንማር ይገባል።

እያነበባችሁ ጥያቄ ጻፉ። መልሱን ወዲያው አትፈልጉ። እኔ ይህን ክፍል ሳዘጋጅ ማስታወሻዬ ላይ ከነበረው ላካፍላችሁ።

ኤልያስ የት ነበር፣ የት ደረሰ? በምዕራፍ 18 መጨረሻ ኢይዝራኤል ነው። በ19፥3 ቤርሳቤህ ደርሷል። ካርታ ላይ በቀጥታ ቢለካ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግር መንገዱ ደግሞ ይረዝማል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባቱ፣ ማለትም ዝዋይ ድረስ በእግር እንደመሄድ ነው። ከዚያ በላይ የአንድ ቀን መንገድ በረሃ ገባ። ይህን ስታውቁ «ደከመው» የሚለው ቃል ሥጋ ይለብሳል። መንፈሱ ብቻ አይደለም የደከመው፣ እግሩም ነው።

ብላቴናውን ቤርሳቤህ ተወው፤ ቁጥር 3። ለምን? ጽሑፉ አይነግረንም። ግን ብቻውን ሆነ። በኋላ «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» ሲል ይህን አስታውሱ።

የተቀመጠው ክትክታ ሥር ነው። በ1954ቱ ትርጉም እንዲያ ነው የተጻፈው። ገጠር ያደገ ሰው ክትክታን ያውቀዋል፤ ቁጥቋጦ ነው፣ እንደ ዋርካ ሰው የሚጠለልበት ዛፍ አይደለም። ሰው ሲጨንቀው ያገኘው ቦታ ይቀመጣል።

መልአኩ ምን አመጣለት? እንጎቻና ውኃ። እዚህ ቃል ላይ ረቡዕ ማታ ብዙ ቆየሁ። እንጎቻ ማለት እናት ጋግራ ስትጨርስ በቀረው ሊጥ ለልጇ የምትጋግራት ትንሿ ናት። ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል ሲመርጡ ሰማይ ለአንድ ተስፋ የቆረጠ ነቢይ ያደረገለትን በእናት እጅ አሳዩን። ይህን ለሐበሻ ጉባኤ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አያስፈልግም። ቃሉን ተናግራችሁ ዝም በሉ፤ ሁሉም የእናቱን ምጣድ ያስታውሳል።

ቀጥሎ ያየሁት ይህ ነው። ኤልያስ ሁለት ጊዜ ተኛ፣ ሁለት ጊዜ በላ፤ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ጥያቄውም ሁለት ጊዜ ተጠየቀ፤ ቁጥር 9 እና ቁጥር 13። መልሱስ? በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ፣ በትንሹ የዝምታ ድምፅም ካለፈ በኋላ ኤልያስ ያንኑ መልስ ነው የመለሰው። ቁጥር 10ንና 14ን አስተያዩ። ከራእዩ በኋላም ስሜቱ ቦታው ላይ ነው። እግዚአብሔር ግን ስሜቱ እስኪለወጥ አልጠበቀም። ሥራ ሰጠው፣ መንገድ አሳየው፣ ኤልሳዕን ሰጠው፣ ጉልበታቸውን ለበኣል ያላንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው።

ደግሞ ወደ ምዕራፍ 18 ተመለሱ። አብድዩ መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ እንደሸሸገ ለኤልያስ በራሱ አፍ ነግሮታል። ስለዚህ «ብቻዬን ቀርቻለሁ» ሲል ኤልያስ የሰማውን ነገር ረስቷል ማለት ነው። አይዋሽም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል። ከጉባኤው ስንቱ ነው በዚህ ሰዓት እንዲህ የሆነው!

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለውን በቁጣ ድምፅ የሚያነቡ አሉ፤ በእንባ የሚያነቡም አሉ። ድምፁ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን እንደተጻፈ አድርጋችሁ ስብከታችሁን በላዩ አትሥሩ። ማብራሪያ መጻሕፍት ካላችሁ ረቡዕ ማታ አሁን ክፈቷቸው፤ የተሳሳታችሁት ካለ ታርሙበታላችሁ።

ሐሙስ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር

ያገኛችሁትን ሁሉ እሁድ ማራገፍ ያምራችኋል። አታድርጉት። ክፍሉ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ እምቢ ካለ ገና አልገባንም ማለት ነው፣ ተመልሰን እናነባለን። የእኔ ይህ ነበር፦ «እግዚአብሔር የደከመውን ሰው አይጥለውም፤ ያበላዋል፣ ይሰማዋል፣ ከዚያ ከሰው ጋር አድርጎ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል።»

አሁን ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር የማይሄደውን ሁሉ አውጡ። ኤልያስ ለንግሥና እንዲቀባቸው ስለታዘዘው ስለ ሶርያው አዛሄልና ስለ እስራኤሉ ኢዩ ብዙ አንብቤ ነበር። ደስ የሚል ነው። ግን ባሏን የቀበረችው እህት ዛሬ የሶርያን ፖለቲካ አትፈልግም። ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት። የወጣው ነገር አይጠፋም፤ ደብተር ይኑራችሁ።

ከዚያ የሰኞውን ወረቀት ከዓረፍተ ነገሩ ጎን አስቀምጡና ለአምስቱም ሰዎች ሁለት ሁለት መስመር ጻፉ፤ አንዱ ማጽናኛ፣ አንዱ ምክር። ሁለቱም ከክፍሉ መውጣት አለባቸው። ተመርቆ ቤት ለተቀመጠው፦ ማጽናኛው «ብቻህን አይደለህም፣ የማታያቸው 7,000 አሉ» ነው፤ ምክሩ «በዚህ ሳምንት ሁኔታህን ለአንድ ሰው ንገር» ነው፣ ምክንያቱም ኤልያስ ብላቴናውን ትቶ ነው በረሃ የገባው፣ የተመለሰው ደግሞ ወደ ኤልሳዕ ነው። እንቅልፍ ላጣው፦ «አምላክህ ድካምህን አልናቀም፣ ኤልያስንም መጀመሪያ አስተኝቶ አበላው»፤ ምክሩ «ዛሬ ማታ ስልክህን ዘግተህ በጊዜ ተኛ፣ መተኛትም መታዘዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ»። ለዚያች እናት ያጣሁት ዓረፍተ ነገርም እዚህ ነበር፦ «የልጅዎን ሱስ ዛሬ አይጨርሱትም። ነገ ጠዋት ግን አንድ እንጎቻ ያቅርቡለት፤ ጥያቄውን ከበላ በኋላ ይጠይቁት።»

ምክራችሁ ትንሽ፣ የሚታይና ቀን ያለው ይሁን። «በመንፈስ በርቱ» ምክር አይደለም፤ ሰውዬው እቤቱ ገብቶ በየት በኩል እንደሚበረታ አያውቅም።

ደግሞም ከሁሉ በፊት ለራሳችሁ ስበኩት። ሐሙስ ማታ ምክሩን እኔ ራሴ ላደርገው እሞክራለሁ። ካልቻልኩት ለሕዝቡ አልሰጥም ወይም እንዳልቻልኩ እናገራለሁ።

ዓርብ፦ መጻፍ

ሙሉውን ጻፉት። ነጥብ ብቻ ይዞ መውጣት የሚያምርባቸው አሉ፤ ብዙ ዓመት የሰበኩ ናቸው። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ቃል በቃል ጻፉ። መድረክ ላይ ማንበብ የለባችሁም፤ መጻፉ ሐሳቡን ያጠራላችኋል። እኔ በእጄ ስጽፍ አራት ገጽ 30 ደቂቃ ያህል ይሆንልኛል፤ እናንተ የራሳችሁን አንድ ጊዜ ለክታችሁ ያዙ። ሐዋርያት 20 ላይ አውጤኪስ የሚባለው ጎበዝ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር እንቅልፍ ወስዶት ከሦስተኛው ፎቅ ወድቋል። ጳውሎስ በነጋው የሚሄድ ስለነበረ ነው ነገሩን ያስረዘመው። እኛ የሚቀጥለው እሁድም አለን።

መግቢያው አጭር ይሁን። ሰላምታው፣ የምስጋናው ዝርዝር፣ «እኔ የተዘጋጀሁ አይደለሁም» የሚለው ትሕትና ሁሉ የሰውን ጆሮ ይበላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰሚውን ካለበት ያንሳው። እኔ እንዲህ ጀመርኩ፦ «በዚህ ሳምንት ማታ ተኝታችሁ ‹ጌታ ሆይ፣ በቃኝ› ያላችሁ አላችሁ?» ከዚያ ወዲያው ወደ ክፍሉ።

መካከሉ የክፍሉን እርምጃ ይከተል። ኤልያስ ከዛፉ ሥር ወደ ኮሬብ፣ ከኮሬብ ወደ መንገዱ። ታሪክ ራሱ ነጥብ ስላለው በላዩ ሌላ ነጥብ መደርደር አያስፈልግም። በየማረፊያው ግን ቆም በሉና አንድ ጊዜ ወደ ሰዎቹ ዘወር በሉ። ምክሩን ሁሉ ለመጨረሻ ማጠራቀም ስህተት ነው፤ እዚያ ሲደርስ ሰው ደክሞታል።

ምሳሌ ላይ ለረጅም ጊዜ ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ የሰውን ታሪክ ስም ሳልጠራ መናገር። ስም ባትጠሩም ትንሽ ጉባኤ ውስጥ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል። ለምክር ብሎ ቢሮ መጥቶ የነገራችሁን ነገር መድረክ ላይ አታውጡ፤ አንድ ጊዜ ካወጣችሁ ሁለተኛ የሚነግራችሁ የለም። ከተናገራችሁ አስፈቅዳችሁ ተናገሩ። የተሻለው ግን ሁሉም የሚያውቀው የቀን ተቀን ነገር ነው፦ የውኃ ወረፋ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የጽዋ ማኅበር፣ የለቅሶ ቤት ንፍሮ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ምንም ሳይናገር የተቀመጠ ጎረቤት የመልአኩን ሥራ ከማንኛውም የውጭ አገር ታሪክ በላይ ያስረዳል።

የአማርኛችን ነገር

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ብዙ ሰው የማያስተውለው ስለሆነ ነው። አማርኛ ወንድና ሴት ይለያል። ስብከቱን ሙሉ «አንተ ወንድሜ፣ ተነስ፣ አትፍራ» እያልን ብንሄድ ከፊታችን ካሉት ግማሹ፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ቃሉ ለሌላ ሰው የተላከ ይመስላቸዋል። «እናንተ» በሉ፣ ወይም እየለዋወጣችሁ «አንቺ» በሉ። ለአዛውንት «እርስዎ»ን አትርሱ። ስትገሥጹ ደግሞ «እኛ» በሉ። «እናንተ አትጸልዩም» እና «እኛ መጸለይ አቅቶናል» አንድ አይደሉም።

ግእዝ ከጠቀሳችሁ ወዲያው ፍቱት። «ብሬክስሩ»፣ «ሌቭል» የመሳሰለውንም ተዉት። የገበያዋ እናት ካልገባት አልተሰበከላትም። አሜሪካ ላለ ጉባኤ የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ወጣቶቹ ከአማርኛ ይልቅ እንግሊዝኛ ይቀናቸዋል፤ ዋናውን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ለአስተርጓሚው ስጡት።

«ለጎረቤትህ እንዲህ በለው» የሚለውንም ቀንሱ። አንድ ጊዜ ጥሩ ነው። በየሦስት ደቂቃው ከሆነ ግን ያዘነ ሰው ይሸሸዋል፤ ለማያውቀው ሰው «ዛሬ ቀኔ ነው» ማለት ለእሱ ከባድ ነው።

ተስፋ ስትሰጡ ልክ ይኑራችሁ

ይህ በጣም ያሳስበኛል። «በዚህ ወር ቪዛሽ ይመጣል»፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሽታህ የለም» እያልን ክፍሉ ያልሰጠውን ቀጠሮ የምንሰጥ አለን። ወሩ ሲያልቅ ሰውዬው ያጣው ቪዛውን ብቻ አይደለም። ሲጸልይ የሚያምነው ነገር አብሮ ይሰበርበታል፤ እኛ ግን ሌላ ከተማ እየሰበክን ነው። እግዚአብሔር ለኤልያስ ኤልዛቤል ነገ ትሞታለች አላለውም። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» ነው የተባለው። ሩቅ መሆኑን ነግሮ ስንቅ ሰጠው። እውነተኛ ማጽናናት እንዲህ ነው፤ መንገዱን አያሳጥርም፣ ስንቁን ግን አይነሳም።

ሌላም አለ። ይህ ክፍል ሰው ሞት ስለመመኘቱ ይናገራል። ጉባኤው ውስጥ በዚያው ሳምንት እንዲህ ያሰበ ሰው ሊኖር ይችላል። አትለፉት። በግልጽ ተናገሩ፦ «ይህ ሐሳብ የመጣብሽ ካለሽ፣ የመጣብህ ካለህ፣ ኤልያስም መጥቶበታል፤ እግዚአብሔር አላባረረውም። ዛሬ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከፕሮግራሙ በኋላ እዚህ አለን።» የሐኪም እርዳታንም ከጸሎት ጋር አታጣሉ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የእምነት ማነስ እንዳልሆነ ከመድረክ ሲነገር ከስንት ዓመት እፍረት የሚያርፍ ቤተሰብ አለ። «ንስሐ ግባና ይለቅሃል» ብቻ ብሎ የታመመን ሰው መመለስ አደጋ አለው። ሌላም የሚያጸና ነገር በመጽሐፉ አለ፤ ሞትን የለመነው ኤልያስ በ2ኛ ነገሥት 2 በዐውሎ ነፋስ ወደ ሰማይ ወጣ እንጂ ሞትን አላየም። የዚያን ቀን ጸሎቱ እንደለመነው አልተመለሰለትም። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ፦ በድምፅ

ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ስልክ ላይ እየቀዳችሁ አንድ ጊዜ ስበኩት። ስትሰሙት ሦስት ነገር ይታወቃችኋል፦ የት እንደረዘመ፣ የት እንደጮኻችሁ፣ የትኛውን ቃል ሳታውቁ ሃያ ጊዜ እንደደጋገማችሁ። የረዘመውን ቁረጡ። የማጽናኛው ቦታ ላይ እየጮኻችሁ ከሆነ ድምፃችሁን አውርዱ፤ ለደከመ ሰው ጩኸት ተግሣጽ ይመስለዋል።

የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም አጥኑ። ማስታወሻችሁን በትልቁ ጻፉና ወረቀት ላይ ያዙት፤ ስልክ ብቻ ይዞ መውጣት አያዛልቅም፣ ባትሪ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃል ያዙ። ማረፊያውን ያላወቀ ሰባኪ ነው «በመጨረሻም» እያለ አራት ጊዜ የሚነሳው። ከዚያ ተኙ።

እሁድ

ክፍሉን ስታነቡ ቀስ በሉ። «ገጹን አገኛችሁ?» ብላችሁ ጠብቁ፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች መኖራቸውን አስቡና ንባቡ ብቻውን ታሪኩን እንዲነግራቸው አድርጋችሁ አንብቡ። ነህምያ 8፥8 ላይ ሕጉ በግልጥ ተነበበ፣ ሕዝቡም አስተዋለ ይላል። ንባቡ ራሱ የስብከቱ አካል ነው።

አይናችሁን ከወረቀቱ አንሱ። አምስቱን ሰዎች ባለፈው ሰኞ አስባችኋቸዋል፤ አሁን ፊታችሁ ናቸው። ግን ምክሩን ስትናገሩ ያሰባችሁትን ሰው ትኩር ብላችሁ አትዩት፤ ያሳፍረዋል። አንዱ ሲያለቅስ ብታዩ አትጣደፉ። ዝምታ ይፈቀዳል። ከሕዝቡ «አሜን» ባይመጣም አትጨነቁ፤ ቃል ሲገባ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው።

ስትጨርሱ አንዱን ምክር ብቻ ድገሙት። አንድ። ለጸሎት የሚመጣ ካለ ጊዜ ስጡ፤ ቀድማችሁ ሁለት ሦስት ሰው አዘጋጅታችሁ ይቁሙ፣ ለሴቶቹም ሴት ትኑር።

ከዚያ ወደ መኪና ወይም ወደ ቢሮ አትሩጡ፤ በር ላይ ቁሙ። ማታ ከሰሚዎቹ ለሁለቱ ደውሉ። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ ስላለበት «ጥሩ ነበር» ይላችኋል። «ምኑን ያዝሽ? ነገ ምን ልታደርጊ አሰብሽ?» በሉ። የሚሉት እናንተ ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር የራቀ ከሆነ የት እንደተጠፋፋችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። እኔ ያን ክፍል በሰበክሁበት ማታ የደወልኩላት ልጅ «እንጎቻውን ይዣለሁ» አለችኝ። ሐሙስ ደግሞ ራሷ ደወለች፤ ስድስት ወር ያላናገረቻት እህቷ ቤት ምግብ ይዛ ሄዳ ነበር።